ስድስቱን የአሲድ ባትሪ አውጥቼ ሊቲየም ልግጠም? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር ወንድማችን ባለ 72 ቮልት ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አለው። ባትሪው እያንዳንዳቸው 12 ቮልት 20 አምፒር አወር (የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን) የሆኑ ስድስት የአሲድ ባትሪዎች ናቸው። አዲስ ሳሉ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዱት ነበር፤ አሁን ከ20 አያልፉም፣ ዳገት ላይም ያቆሙታል። አንድ ነጋዴ «72 ቮልት 40 አምፒር ሊቲየም አለኝ፤ የድሮው ቻርጀርህም ይሠራል፤ ሰክተህ መሄድ ብቻ ነው» ብሎታል። እውነት ነው ወይ? የትኛውን ዓይነት ልግዛ? ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የነዳጅ ቦክሰር ሞተር ሳይክል አለው፣ የእሱስ ማስነሻ ባትሪ በሊቲየም ይቀየራል ወይ? ይላል።

ወንድሜ፣ መቀየሩ ይቻላል፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ያዋጣልም። ነጋዴው ከነገረህ ውስጥ ግን የቻርጀሩን ነገር ከአሁኑ እርሳው። ስለ 40 አምፒሩም (አምፒር አወር ማለቱ ነው) ገና እናያለን። ሱቅ ስትገባ ቀድመህ የምትጠይቀው «ውስጡ ስንት ሴል በተከታታይ ታስሯል? ሴሉስ ምን ዓይነት ነው?» ብለህ ይሁን። ሴል ማለት ባትሪው ከሚገጣጠምባቸው ትንንሽ ክፍሎች አንዱ ነው። የትኛው ቻርጀር እንደሚሆንህ፣ ኮንትሮለሩ (ከባትሪ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) መቼ እንደሚዘጋ፣ ዳገቱን መውጣት አለመውጣትህ፣ የእሳት አደጋውም ጭምር የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። መልሱን የማያውቅ ሻጭ የሚሸጠውን አያውቀውም፤ አመስግነህ ውጣ።

ብር ከማውጣትህ በፊት ግን ያሉህን ስድስቱን ለካቸው። ስድስቱም በአንድ ቀን አይሞቱም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ይቀድማሉ። ሌሊቱን ሞልተህ ከነቀልክ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት አሳርፋቸውና በመልቲሜትር እያንዳንዱን ለየብቻ ለካ። ደህናው ባትሪ ከ12.8 እስከ 13.1 ቮልት ያሳያል። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የሞተውም ሥራ ሳይሰጠው 12.9 ሊያሳይህ ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ጭነህ ዳገት ውጣበት። ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርጎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው መንገድ ለፈተና ይበቃል። ጉልበቱ ሲወርድ ጥግ ይዘህ ቁም፣ መቀመጫውን ክፈትና ወዲያው ለካ። አምስቱ 12 አካባቢ ሆነው አንዱ 10 ወይም 9 ላይ ከተገኘ ጥፋተኛው እሱ ነው። በእጅህም ዳስሰው፤ የደከመው ከጎረቤቶቹ ሞቅ ይላል፣ ጎኑ አብጦ ከሳጥኑ አልወጣም ብሎ የሚያስቸግርህም እሱ ነው።

ባትሪዎቹ ከተገዙ ጥቂት ወር ቢሆናቸው ያንን አንዱን ብቻ ቀይረህ መግፋት ትችላለህ። ዓመት ያለፋቸው ከሆኑ ግን አዲስ ባትሪ ከአምስት አሮጌ ጋር ማሰር ጉልበታሙን በሬ ከደካማው ጋር እንደ መጥመድ ነው፤ ቻርጀሩ አምስቱን አሮጌዎች እሞላለሁ ሲል አዲሱን ያሰቃየዋል፣ መንገድ ላይ ደግሞ አሮጌዎቹ ቀድመው ይወድቃሉ። በነገራችን ላይ ከቤት ቢሮ አሥር ኪሎ ሜትር እየተመላለሰ ባትሪው ደህና የሆነለት ሰው ይህን አንብቦ ወደ ሊቲየም እንዳይሮጥ፤ ለእሱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አንተ ግን ሌላ ነህ።

የአሲድ ባትሪ ለአንተ ሥራ ለምን እንደማይመች ቁጥሩ ራሱ ይነግርሃል። ጀርባው ላይ «6-ዲዜድኤፍ-20» ዓይነት ጽሑፍ አይተህ ይሆናል። 6ቱ የውስጥ ክፍሎቹ ብዛት ነው፤ እያንዳንዱ 2 ቮልት ስለሆነ 12 ይመጣል። 20ው ደግሞ በ10 አምፒር እየተሳበ በሁለት ሰዓት ሲያልቅ የሚሰጠው ነው። አንተ ጭነህ ዳገት ስትወጣ የምትስበው 30 እና 40 አምፒር ነው። የአሲድ ባትሪ በኃይል በተሳበ ቁጥር የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን ያንሳል፤ ስለዚህ 20ውን ዳገት ላይ አታገኘውም። በየቀኑ እስከ ታች እያወረድከው ከ300 እስከ 400 ጊዜ ቻርጅ ቢያገለግልህ እድለኛ ነህ፤ በቀን አንዴ ለሚሞላ ሰው ይህ የአንድ ዓመት ዕድሜ ነው። ባዶውን ስታሳድረው ደግሞ በእርሳሱ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገርና አቅሙ ከቀን ወደ ቀን ይወርዳል። ሊቲየም በ40 አምፒር ቢሳብም የተጻፈበትን ከሞላ ጎደል ይሰጥሃል። ጥሩ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል 2000 ጊዜ ተሞልቶም ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ክብደቱንም አስበው፦ የ20 አምፒር አወሩ ባትሪ አንዱ 7 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስድስቱ 42 ኪሎ። የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ ኃይል የሚይዝ ሊቲየም በ20 ኪሎ አካባቢ ይገኛል።

ገበያ ላይ ሊቲየም እየተባሉ የሚሸጡት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንዱ አሁን የጠቀስኩት የአይረን ፎስፌቱ ነው፤ ሰው ኤልኤፍፒ ይለዋል። ሴሉ በሥራ ላይ 3.2 ቮልት፣ ሲሞላ 3.65፣ ሲያልቅ 2.5 ነው። ሌላው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ኤንኤምሲ ነው፤ በሥራ ላይ 3.6 ወይም 3.7፣ ሲሞላ 4.2። ኤንኤምሲ ለዚያው ኃይል ቀለል ይላል፣ ቦታም ይቆጥባል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ቢሞላ ወይም ሾርት ቢሆን በአነስተኛ ሙቀት ይነሳል፣ ከተነሳም እሳቱ አይመለስም። ኤልኤፍፒ ፈጽሞ አይቃጠልም የሚልህን አትመን፤ ሲበላሽ የሚያወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። ሆኖም የሚታገሠው ሙቀት ከፍ ያለ ነው፣ ዕድሜውም ረዘም ይላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ልጆች በሚተኙበት ቤት ባትሪ ለሚሞላ ሰው ምርጫው ኤልኤፍፒ ነው ባይ ነኝ። ሦስት አራት ኪሎ ቀለለ ብዬ ኤንኤምሲ አልገጥምልህም።

ወደ ሴል ቁጥሩ እንምጣ። ያንተ ስድስት ባትሪዎች ሞልተው ሲያርፉ ድምሩ 77 ወይም 78 ቮልት ነው፤ ቻርጀሩ በሚሞላበት ሰዓት ግን እስከ 88 ቮልት አካባቢ ይገፋቸዋል። ኮንትሮለሩ ደግሞ በተለምዶ 63 ቮልት ላይ «አለቀ» ብሎ ይዘጋል፤ ለእያንዳንዱ ባትሪ 10.5 ማለት ነው። ኮንትሮለሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጨርቅ ጥረግና አንብበው፤ ዝቅተኛ ቮልቴጁና ከፍተኛ አምፒሩ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። አዲሱ ባትሪ ሞልቶም ሆነ ሊያልቅ ሲል ከዚህ ክልል መውጣት የለበትም።

«72 ቮልት ሊቲየም» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ አንዱ 20 የኤልኤፍፒ ሴል ያለበት ነው። ሲሞላ 73 ቮልት ስለሚያሳይ ሻጩ መልቲሜትር አውጥቶ ያሳይሃል፤ ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የሥራ ቮልቴጁ ግን 64 ነው። ዳገት ላይ እጀታውን ጠምዝዘህ እያንዳንዱ ሴል 3.1 ላይ ሲወርድ ድምሩ 62 ይሆናል፣ ኮንትሮለሩ ይዘጋል፣ አንተ ግማሽ ባትሪ ይዘህ የሰው ምሳ በጀርባህ እንደያዝክ መንገድ ዳር ትቀራለህ። ሜዳ ላይም ፍጥነቱ ይቀንሳል። «ሊቲየም ገጥሜ ከአሲዱ ባሰብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው።

ከአሲዱ ወሰን ጋር የሚገጥምልህ 24 የኤልኤፍፒ ሴል ነው። በሥራ ላይ 76.8፣ ሲሞላ 87.6 ቮልት ነው። ኮንትሮለሩ 63 ላይ ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ሴል 2.6 ትንሽ አለፍ ብሎ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ሴሉ ሳይጎዳ ይቆማል። 23 ሴልም፣ ሲሞላ 84 አካባቢ ነው፣ በደንብ ይሠራል። 22ቱ 80 ቮልት ላይ ይሞላል፤ ከፍጥነቱ ትንሽ ቢቀነስብህም ያስኬድሃል። ከዚያ በታች አትውረድ። 24ቱን ስትመርጥ ሁለት ነገር አረጋግጥ፦ የኮንትሮለሩ ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎቹ) ከ100 ቮልት የማያንሱ መሆናቸውንና 72ቱን ወደ 12 አውርዳ መብራትና ጡሩምባ የምታበላዋ መለወጫ እስከ 90 ቮልት የምትችል መሆኗን። በአብዛኛው ይችላሉ፤ የአሲድ ባትሪ ከቻርጀር እንደተነቀለ ከ80 በላይ ያሳያቸው ነበርና። ግን ሳታይ አትግጠም።

አሁን ነጋዴው ይሠራል ስላለህ ቻርጀር። 88.2 ቮልት የሚያወጣውን የአሲድ ቻርጀር 20 ሴል ባለው ኤንኤምሲ ላይ ብትሰካው ለእያንዳንዱ ሴል 4.41 ቮልት ይደርሰዋል። ሴሉ የሚችለው 4.2 ነው። በዚያን ሰዓት ቤትህንና እሳቱን የሚለየው ቢኤምኤስ የሚባለው መጠበቂያ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እሱ አንድ ቀን ከተበላሸ ሌላ የሚያቆመው የለም። 24 ሴል ባለው ኤልኤፍፒ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ 3.67 ይደርሰዋል። ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው፤ «ሞክሬው ሠርቷል» ይልሃል። ይሠራል፤ የሚያቆመው ግን በየቀኑ ቢኤምኤሱ በድንገት እየዘጋ ነው። ቢኤምኤስ የተሠራው ለአደጋ ጊዜ ነው፤ የዕለት ማብሪያ ማጥፊያ ስታደርገው ዕድሜው ያጥራል። ከዚህም በላይ አንዳንዱ የአሲድ ቻርጀር ሰልፌት ለመስበር ብሎ በየመሃሉ ከፍ ያለ ምት ይልካል፤ ይህ ለሊቲየም ምንም አይጠቅምም፣ የቢኤምኤሱን ሞስፌቶች (ኃይሉን የሚከፍቱና የሚዘጉ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያዎች) ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ ለ24 ኤልኤፍፒ ጀርባው ላይ 87.6 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት የሊቲየም ቻርጀር ግዛ። «72 ቮልት» ብቻ ተጽፎበት ዝርዝሩ የሌለውን ተወው። አምፒሩ 5 ቢሆን ለ30 አምፒር አወር ባትሪ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለሌሊት ይበቃል፣ ባትሪውንም አያስጨንቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ጨምረህ የምትሮጥ ከሆነ 10 አምፒር መውሰድ ትችላለህ፣ ሴሉ የሚፈቅድ ከሆነ። የድሮውን ቻርጀር ደግሞ ከአሮጌዎቹ ባትሪዎች ጋር አብረህ ሽጠው። ሶኬቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ቀን ወንድምህ ወይም ሚስትህ ልርዳው ብለው ይሰኩታል። ባትሪዎቹን ቁራሌው እንዳገኘ አሲዱን ቦይ ውስጥ እያፈሰሰ እንዳይወስድብህ፤ እርሳሱ ዋጋ ስላለው አዲስ ባትሪ የሚሸጥልህ ነጋዴም ሆነ ምናለሽ ተራ ያለው ገዢ በሙሉው ይቀበልሃል።

የቢኤምኤሱ ምርጫ ከኮንትሮለሩ ይጀምራል። ኮንትሮለሩ ላይ 40 አምፒር ከተጻፈ ቢኤምኤሱ ያለማቋረጥ 60 የሚችል ይሁን። ልክ 40 የሆነውን ከገዛህ ዳገት መሃል ይዘጋል። እሱ ሲዘጋ ኃይሉ ቀስ እያለ አይደለም የሚጠፋው፤ ሞተሩም የፊት መብራቱም በአንድ ቅጽበት ድርግም ይላሉ፣ ከኋላህ ሲኖትራክ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ኮንትሮለሩ ሁልጊዜ ቀድሞ እንዲዘጋ፣ ቢኤምኤሱ ደግሞ ከእሱ በታች፣ ለሴል 2.5 ቮልት ላይ እንዲጠብቅ የሚደረገው። ብሉቱዝ ያለውን ምረጥ፤ ዳሊ፣ ጄኬና ጄቢዲ የተባሉት በስልክ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ያሳያሉ። ይህ ቅንጦት እንዳይመስልህ። ያለ እሱ የትኛው ሴል እየደከመ እንደሆነ የምታውቀው ሳጥኑን ስትከፍት ብቻ ነው።

ስለ ባላንስም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ተራ ቢኤምኤስ ሴሎቹን የሚያስተካክለው በ0.05 አምፒር ገደማ ነው። አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ1 አምፒር አወር ከቀደመ ለማስተካከል 20 ሰዓት ሙሉ ከላይ ተሞልቶ መቆም አለበት፤ ማንም እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ባትሪውን የሚገጥምልህ ሰው ሴሎቹን ከማሰሩ በፊት ሁሉንም እኩል መሙላቱን ጠይቀው። ወይም በ1 ወይም 2 አምፒር የሚያስተካክለውን፣ አክቲቭ ባላንስ የሚባለውን ዓይነት ግዛ። ፍሬን ስትይዝ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ የሚመልስ ሞተር ሳይክል ካለህ ደግሞ ጠዋት ሙሉ ባትሪ ይዘህ ቁልቁለት ስትወርድ ቢኤምኤሱ የሚመለሰውን አልቀበልም ብሎ ሊዘጋ ይችላል፤ ኮንትሮለሩ ላይ ያንን አጥፋው ወይም ከቻርጀሩ ትንሽ ቀደም ብለህ ንቀል።

አንዳንዱ ነጋዴ «ስድስት ባለ 12 ቮልት ሊቲየም ልስጥህ፣ በድሮው ቦታ በድሮው ሽቦ ግጠማቸው» ይላል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ችግሩ፣ እያንዳንዱ የራሱ ትንሽ ቢኤምኤስ ውስጡ አለው፤ የሰሌዳው ሞስፌቶች የተመረጡት ለ12 ቮልት ነው። ስድስቱን በተከታታይ አስረህ አንዱ ቀድሞ ሲዘጋ የስድስቱ ሙሉ ቮልቴጅ በእሱ ሞስፌት ላይ ያርፋል። ይፈነዳል፣ ወይም ሾርት ሆኖ ይቀርና ያ ባትሪ ከዚያ በኋላ ጠባቂ የሌለው ይሆናል። ብዙ አምራቾች ከአራት በላይ በተከታታይ እንዳይታሰር በጽሑፍ የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ከአምስት የአሲድ ባትሪ ጋር አንድ ሊቲየም መቀላቀልማ ጭራሽ አይታሰብ።

40 አምፒር ስላለህም ሚዛን ይዘህ ሂድ። በ24 ኤልኤፍፒ ሴል 40 አምፒር አወር ማለት ወደ 3 ኪሎ ዋት አወር ነው። ጥሩ የኤልኤፍፒ ሴል በአንድ ኪሎ ክብደት 160 ዋት አወር ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ሴሎቹ ብቻ ወደ 19 ኪሎ መመዘን አለባቸው፣ ሳጥኑና ሽቦው ሲጨመር ከ20 በላይ። «40 አምፒር ኤልኤፍፒ» ተብሎ 14 ኪሎ ከመዘነ ወይ 40 አይደለም ወይ ኤልኤፍፒ አይደለም። ለፋብሪካ ጽሑፍ ተለጣፊ ይታተማል፣ ለክብደት ግን ተለጣፊ የለም። የሳጥኑን ውስጥ እንዲያሳይህም ጠይቅ። ሴሎቹ የተለያየ ምልክትና ቀለም ካላቸው፣ የላይኛው ዋልታቸው ላይ የቀድሞ ብየዳ ጠባሳ ካለ፣ ወይም ቁጥራቸው በቢላ የተፋቀ ከሆነ ከሌላ ባትሪ የተፈቱ ናቸው። ያገለገለ ሴል ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ አቅሙ በመሣሪያ ተለክቶ ከሆነና በዚያው ልክ ከተሸጠልህ ያገለግላል። በአዲስ ዋጋ ግን አትግዛው።

አገጣጠሙ ላይ ቆም ልበል። መጀመሪያ የቦታውን ልክ ውሰድ፤ የድሮው ባትሪ አንዱ 181 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 77 ስፋትና 170 ገደማ ቁመት ነው። በስድስቱ ቦታ የሚገባ ሳጥን መኖሩን ሳታረጋግጥ ለባትሪው ብር አትክፈል። የእኛ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ለባትሪ ጠላት ነው። አራት ማዕዘን ሴሎች ከሆኑ በመካከላቸው የፋይበር ሰሌዳ ገብቶ በደንብ ተጠብቀው ይታሰሩ፤ የሴሉ የአሉሚኒየም ልብስ ከፖዘቲቩ ጋር ግንኙነት ስላለው ሁለቱ ተፋግተው ሰማያዊው ላስቲክ ሲላጥ ሾርት ይሆናሉ። ክብ ሴሎች ከሆኑ ግንኙነታቸው በስፖት ብየዳ ይሁን፤ በሚቀልጥ ቆርቆሮ (ሶልደር) የተበየደው ሴሉን በሙቀት ይጎዳል፣ በንዝረትም ይላቀቃል። ዋናው ሽቦ ከ10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። መቀመጫው ስር ያለው ብሬከር የዲሲ መሆኑን እይ። የቤት ብሬከር ተገጥሞ አያለሁ፤ የቤቱ የተሠራው ለኤሲ ስለሆነ በ80 ቮልት ዲሲ ላይ ሲከፈት ብልጭታውን ማቋረጥ ያቅተውና ራሱ ይቀልጣል።

በገዛ እጅህ የምትፈታው ከሆነ ቀለበትህንና ሰዓትህን አውልቅ፣ የመፍቻውን እጀታ በኢንሱሌሽን ቴፕ ጠቅልለው፣ ከምንም ነገር በፊት ብሬከሩን አጥፋ። 88 ቮልት ዲሲ ይይዛል፤ መፍቻው በሁለት ዋልታ መካከል ከወደቀ ደግሞ መፍቻው ራሱ ይበየዳል። ክረምት ሲመጣ ወለሉ ላይ ያለው ሳጥን ውኃ ይተኛበታል። ሳጥኑን ከታች በላስቲክ ከፍ አድርገው፣ የሽቦ መግቢያውን በሲሊኮን ዝጋው፣ ነገር ግን ጋዝ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ በጎን በኩል ተውለት። ላቫጆ ስትወስደው በግፊት የሚረጨውን ውኃ ወደ ባትሪው አታስጠጋው።

ከገጠምክ በኋላ የመጀመሪያ ግርምትህ የባትሪ ማሳያው ነው የሚሆነው። የድሮው ማሳያ ቮልቴጅ አይቶ ነው የሚገምተው። የኤልኤፍፒ ቮልቴጅ ደግሞ ከ90 በመቶ እስከ 20 በመቶ ድረስ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ማሳያው ቀኑን ሙሉ «ሙሉ» ሲልህ ይውልና መጨረሻ ላይ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ባዶ ይሆናል። እሱን መመልከት ተውና የቢኤምኤሱን የስልክ መተግበሪያ ወይም የገባና የወጣ አምፒር የሚቆጥር ሜትር ተመልከት። 20 በመቶ ሲቀር ወደ ቤት ማቅናት ልማድ ይሁንህ። ርቀቱን ስታሰላ ደግሞ በአምፒር አትገምት፣ በዋት አወር አስላ። 24 ሴል በ30 አምፒር አወር ወደ 2300 ዋት አወር ነው፤ 80 በመቶውን ብትጠቀም 1840። ሞተር ሳይክልህ በኪሎ ሜትር 30 ዋት አወር ቢበላ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬድሃል። ዕቃና ዳገት ሲበዛ የሚበላው ይጨምራል፤ የራስህን ቁጥር መተግበሪያው በሳምንት ውስጥ ያሳይሃል። ለአንተ መንገድ 30 በቂ ሳይሆን አይቀርም። ነጋዴው እውነተኛ 40 ካለውና ቦታው የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሴል የሚደርሰው ጫና ስለሚቀንስ አልቃወምም።

አሞላሉን በተመለከተ ጥቂት ነገር፦ ደረጃ ላይ ወይም ብቸኛው መውጫ በር አጠገብ አትሙላ። አደጋ ቢነሳ መውጫህ እሱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል ቻርጀሩን ነቅለህ እስኪረጋጋ ጠብቅ። ዳገት ወጥተህ ስትመጣ የጋለውን ባትሪ ወዲያው አትሰካው፤ ይህ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላሉ ወንድሞች ይበልጥ ይመለከታል። ደጋ ላይ ያሉት ደግሞ በተቃራኒው፦ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች አይሞላም። ቢሞላ ሊቲየሙ ብረት ሆኖ ሴሉ ውስጥ ይለጠፋል፣ ያ ጉዳት አይመለስም። አዲስ አበባ ላይ ይህ አያሳስብም፤ ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ግን ባትሪውን ቤት አስገብቶ መሙላት ነው። ለረጅም ጊዜ የምታቆመው ከሆነም አሲዱን ሞልተህ እንደምትተወው ሊቲየሙን ሞልተህ አትተወው፣ ግማሽ ላይ አድርገውና ብሬከሩን አጥፋ።

የወንድምህ ቦክሰር ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ ባትሪው ማስነሻ ብቻ ነው፣ አራት የኤልኤፍፒ ሴል ይበቃዋል፣ ሲሞላ 14.6 ቮልት። ሊቲየም ከመግዛቱ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ እየሰጠ በባትሪው ዋልታ ላይ ይለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ይሆናል፤ ወደ 15 ከሄደ ሬጉሌተሩ (ባትሪውን የሚሞላውን ቮልቴጅ የሚገድበው ዕቃ) ተበላሽቷልና እሱን ሳይቀይር ሊቲየም አይግጠም። ተለጣፊው ላይ ያለውን አምፒርም ይጠንቀቅ። አንዳንድ አምራች «ከዚህ አሲድ ባትሪ ጋር እኩል ያስነሳል» ለማለት ትልቅ ቁጥር ይጽፋል፣ የውስጡ እውነተኛ አቅም ግን የዚያ አንድ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል፤ አላርም የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ለሳምንት ቢቆም ባዶ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ በቻርጀር መሙላት ቢያስፈልግ ሰልፌት መስበሪያ ያለውን እንዳይጠቀም። እኔን ከጠየቀኝ ግን በእግር የሚመታ ማስነሻ ላለው ሞተር ሳይክል የሚተርፈው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ክብደት ብቻ ነው፤ ደህና የአሲድ ባትሪ ገዝቶ ቀሪውን ብር ለጎማ ቢያውለው ይሻለዋል።